ፌኒ አፏን የፈታችበት ዓመት

ፌኒ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አራት ወር አለፋት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 መጀመሪያ፣ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ኪቡሊ ኮረብታ ሥር ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስትገባ እንደማንኛዋም የስድስት ዓመት ልጅ ለፍላፊ ነበረች። ትዘፍናለች፣ በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ ትጣላለች፣ ያልተጠየቀችውን ትመልሳለች። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ግን ስሟ ሲጠራ እጇን ብቻ ታወጣ ጀመር። መምህሯ ሚስ ናሙቢሩ ጆሮዋን ታማ እንደሆነ ብላ አስመረመረቻት፤ ጆሮዋ ደህና ነበር። እናትየዋ ዘርፈሽ ተጠርታ ስትጠየቅ "ዓይን አፋር ናት፣ በዕድሜ ይለቃታል" አለች። ይህን ስትናገር ግራ እጇን በሻሽዋ ሸፍና ነበር።

እውነቱን የምታውቀው ታላቅ እህቷ ሌንሳ ናት። ሌንሳ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ኅዳር ላይ የአንደኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ይጠብቃታል።

አባታቸው ደሬሳ ከወለጋ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የካሚዮን ቦዲ ይበይዳል። እጁ የተመሰከረለት ነበር። ጋራዡ ውስጥ "ደሬሳ የያዘው ብረቱ ይሰበራል እንጂ ብየዳው አይለቅም" ይሉለታል። ልጆቹንም ይወዳል። ባልጠጣበት ቀን ፌኒን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ ሌንሳን በእጁ ይዞ ሰፈሩን ይዞራል፤ በኦሮምኛ እንቆቅልሽ እየጠየቀ ሁለቱንም ያስቃል። እንዲህ ያለው ቀን ግን እያደር ብርቅ ሆነ። ጊዜው ዋራጊ የሚባለው አረቄ በትንንሽ ፕላስቲክ እየታሸገ እንደ ከረሜላ በየኪዮስኩ የሚሸጥበት ነበር። ደሬሳ ጫፉን በጥርሱ ይቀድና አንዴ ይጨልጠዋል። የተቀደዱት የፕላስቲክ ጫፎች አልጋ ሥርና ኪሱ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ፌኒ ጫማ ውስጥ ተሰክተው ይወጣሉ።

ሌንሳ አባቷ ስንት እንደጠጣ ስሟን ሲጠራ ትለያለች። "ሌንሳ" ካለ ደህና ነው። "ሌንሲዬ" ብሎ ካቆላመጣት ጀምሯል ማለት ነው። ስሟን ረስቶ "አንቺ" ካለ ደግሞ ፌኒን ይዛ ጓሮ ትወጣለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትሠራው የቤት ሥራ አልነበረም፤ እሱ ሳይመጣ የከሰል ምድጃውን ከመንገድ ታነሳለች፣ ቢላዋውን ትደብቃለች። ቅርጫት ኳስ የምትመስለውን ኔትቦል ትወድ ነበር፤ ልምምዱ እያመሸባት ተወችው። ጓደኞቿን ቤት መጥራት አቆመች። ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ቁርጠት ያዛት። ከክፍሏ ሦስተኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ ሠላሳ ዘጠነኛ ወጣች፤ አስተማሪዎቿም ሰነፈች አሉ።

የፌኒ ዝምታ የጀመረው በመጋቢት አንድ እሁድ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ዘርፈሽ ፖሾ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ እያማሰለች ነበር። ደሬሳ ሦስተኛውን ዋራጊ ሲቀድ ፌኒ ፊቱ ቆመችና "አባዬ፣ አትጠጣ። ስትጠጣ ትሸታለህ" አለችው። ልጅ ናት፤ የታያትን ተናገረች። ደሬሳ ተነስቶ ምድጃውን በእግሩ መታው። ድስቱ ተገለበጠ፤ የሚፈላው ፖሾ ዘርፈሽ ክንድ ላይ ተለጠፈ። ፖሾ ደግሞ እንደ ውሃ አይደለም፤ ከተጣበቀ አይወርድም። እሷ ስትጮህ እሱ አልጋው ላይ ወድቆ ተኛ። ክሊኒክ ሄዳ "ድስቱ አምልጦኝ ነው" አለች። ለባሏም ሲነቃ ያንኑ ነገረችው።

በማግስቱ ፌኒ እህቷን "እኔ ባልናገር ኖሮ የእማዬ እጅ አይቃጠልም ነበር፣ አይደል?" ብላ ጠየቀቻት።

"አይደለም። አንቺ ምንም አላደረግሽም" አለቻት ሌንሳ። ፌኒ ግን የራሷን ፍርድ ሰጥታ ጨርሳለች። ከዚያ ወዲህ ለሌንሳ ብቻ፣ እሱንም በጆሮዋ ካልሆነ አትናገርም።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን አዘጋጀ። ሌንሳ የጥሪውን ወረቀት ቀዳ ጣለችው። ደሬሳ ግን ከአንድ የሥራ ባልደረባው ሰማ፤ ልጆቹን ሊያኮራ ፈለገ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ለድፍረት ደግሞ መንገድ ላይ ዋራጊውን ጠጥቶ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ አንደኛ ክፍል በር ላይ ቆመ።

"የእኔ ልጅ የታለች? ፌኒ ደሬሳ!" ብሎ ጮኸ።

ወደ ውስጥ ሲገባ አግዳሚ ወንበር ጠለፈውና ከነወንበሩ ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ። አንዳንድ ወላጆችም አልቻሉም፤ አብረው ሳቁ። ፌኒ ጠረጴዛዋ ሥር ገባች። ሌንሳ ከክፍሏ ተጠርታ ስትደርስ ወለሉ ርሷል፤ ታናሽ እህቷ በሽንቷ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ሌንሳ አባቷን በክንዱ ደግፋ አወጣችው። የምታውቀውን የቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ ነጂ ጠርታ ቤት እንዲያደርሰው ነገረችው። ከዚያ ፌኒን አጠበች፤ የራሷን የስፖርት ቁምጣ አለበሰቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ እንባ አልወጣትም። ሚስ ናሙቢሩ ቆማ ስታያት ቆይታ ወደ ባዶ ክፍል ወሰደቻት።

"ሌንሳ፣ ፌኒን የምትንከባከቢያት አንቺ ነሽ። አንቺንስ ማን ነው የሚንከባከብሽ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሌንሳ "እማዬ" ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ስለ ድስቱ፣ ስለ ቢላዋው፣ ስለ ሆዷ፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። መምህሯ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ "ጥፋቱ የአንቺም የእህትሽም አይደለም። ይህን የመሸከም ዕዳም የለባችሁም። ዛሬ ከእናትሽ ጋር እነጋገራለሁ" አለቻት።

ዘርፈሽ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጥ መደብር ነበር የምትሠራው። ተጠርታ መጣች፤ መምህሯን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። መንገድ ላይ ሲወጡ ግን በልጇ ላይ ዞረች።

"ገመናችንን አወጣሽው! በሰው አገር፣ ለባዕድ!"

"እማዬ፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት" አለች ሌንሳ። "አባዬ ዛሬ መቶ ሰው ፊት ወደቀ። እኔ የተናገርኩት ፌኒ ለምን እንደማታወራ ነው።"

"ለምንድነው የማታወራው?"

ሌንሳ ነገረቻት። ዘርፈሽ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። የቦዳ ጡሩምባ ሲጮህባት እንኳ አልሰማችም። ሌንሳ ጎትታ ዳር አወጣቻት፤ ዘርፈሽ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፌኒን ጭኗ ላይ አቀፈቻት።

"እኔ እኮ የሸፈንኩት ለእናንተ ብዬ ነው" አለች በመጨረሻ። "አባታችሁን እንዳትጠሉት ብዬ።"

ከዚያ ተነሳች። ወደ ቤቷ አልገባችም፤ በዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ወደምትኖረው ወደ ለይላ ነው የሄደችው። ለይላ የሐረር ልጅ ናት፣ ነርስ። ግድግዳቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ነገር ትሰማ ነበር፤ የቀረውን ዘርፈሽ ያን ቀን ራሷ ነገረቻት።

በማግስቱ ቅዳሜ ጧት ደሬሳ እጁ እየተንቀጠቀጠ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ የዘርፈሽ ስልክ ጮኸ። የጋራዡ አለቃ ነው።

"ወባ ይዞታል በይው" አለ ደሬሳ።

ለዓመታት እንዲያ ስትል ኖራለች። ወባ፣ ታይፎይድ፣ የወገብ ሕመም። ያን ቀን ግን ስልኩን ዘረጋችለት። "አልልም። ራስህ ንገረው።"

አልተቀበላትም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ያኔ ሌንሳ ተናገረች።

"አባዬ፣ ፌኒ ለምን እንደማታወራ ታውቃለህ?"

"ዓይን አፋር ስለሆነች ነዋ።"

"አይደለም። አትጠጣ ስትልህ ምድጃውን መታህ፣ የእማዬ እጅ ተቃጠለ። እኔ ስለተናገርኩ ነው ብላ ነው አፏን የዘጋችው።"

ደሬሳ አያት። "መቼ?" አለ። የምሩን ነው። አያስታውስም ነበር።

ዘርፈሽ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ከክርኗ እስከ አንጓዋ ቆዳው ተጨማዶ ሮዝ መስሏል። "ድስቱ አምልጦኝ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነበር" አለችው።

ደሬሳ ጠባሳውን አየ፣ ፌኒን አየ። ሌንሳ ይቆጣል ብላ እግሯን ለሩጫ አዘጋጅታ ነበር። አልተቆጣም። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሰው በለቅሶ ቤት እንደሚያለቅሰው ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሲረጋጋ የዘርፈሽን ስልክ አንስቶ ራሱ ደወለ።

"ጌታዬ፣ ወባ አይደለም። መጠጥ ነው። ያለፈውም ሁሉ መጠጥ ነበር" አለ።

ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ዞሮ "ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አልቀምስም!" ብሎ ማለ። በሩ ላይ ለይላ ቆማ ነበር።

"እንደሱ አይሆንም፣ ጋሽ ደሬሳ" አለች። "ይህን ያህል ጠጥተው በአንዴ ቢያቆሙ ሰውነትዎ አይችለውም። ይጥልዎታል፤ ሰው ይሞትበታል። ሐኪም እያየዎት ነው ማቆም ያለብዎት። ቡታቢካ መጠጥ ለሚያቆሙ ሰዎች ክፍል አለ፤ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።"

ቡታቢካ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ካምፓላ ውስጥ "ቡታቢካ ገባ" ማለት አበደ ማለት ነው።

"እብድ ነኝ እንዴ?" አለ ደሬሳ።

"አላበዱም፤ ታመዋል። ሐበሻ ምን ይለኛል ብለው ከሆነ፣ እስካሁንም ሲል ነው የኖረው።"

ደሬሳ ሸሚዝ መቀየር ጀመረ። ቁልፉን እጁ እምቢ ሲለው ሌንሳ ቆለፈችለት።

አምስት ሳምንት ቆየ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በላብና በቅዠት አሳለፈ፤ ከዚያ እየበላ፣ እየተኛ፣ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር እየተሰበሰበ ስለ ራሱ መናገር ተማረ። ሰዉ ማማቱን አልተወም። ዘርፈሽ ግን "ባልሽ የት ሄደ?" ሲሏት "ሕክምና ላይ ነው" ማለትን ለመደች፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቃትም ጠፋ።

ነሐሴ ላይ ሲመለስ መጀመሪያ ፌኒን ፈለጋት። ግቢው ውስጥ አፈር ላይ በእንጨት እየሳለች ነበር። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ፌኒዬ፣ ያን ቀን አትጠጣ ያልሽኝ ልክ ነበርሽ። የእማዬን እጅ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ያንቺ አፍ አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ፌኒ ሰማችው። መሳሏንም ቀጠለች። ደሬሳ መልስ አልጠየቃትም።

ሌንሳ ደግሞ ሌላ ሥራ ያዘች። በየቀኑ አባቷ ልብስ ሲቀይር ቱታውን ታሸታለች፣ ኪሱን ትፈትሻለች። አንድ ቀን ለይላ ደረሰችባት።

"ምን አገኘሽ?"

"ምንም።"

"ነገ ብታገኚስ፣ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሌንሳ ቱታውን መልሳ ሰቀለችው።

"የአባትሽን መዳን መጠበቅ ያንቺ ሥራ አይደለም፤ እሱ ነው የሚጠብቀው። ያንቺ ሥራ ፈተናሽና ኳስሽ ነው።"

ሌንሳ ወደ ኔትቦሉ ተመለሰች። ሚስ ናሙቢሩም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሒሳብ ታስጠናት ጀመር። ሆዷ መቼ እንደተዋት እንኳ ልብ አላለችም።

መስከረም ላይ አንድ ሠራተኛ ከጋራዡ ሲሰናበት ድግስ ተደረገ፤ ደሬሳም ጠጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱ ደርሶ ወደ ውስጥ አልገባም። ደጁ ላይ ቆመና "ዘርፌ፣ ጠጥቻለሁ። ልጆቹ እንዳያዩኝ። ለይላን ጥሪልኝ" አለ። ሌንሳ ከውስጥ ሰማችው። የድሮው ፍርሃት ዘለቃት፤ ግን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ሲነጋ ደሬሳ ማንም ሳያጅበው ታክሲ ይዞ ቡታቢካ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ አልጠጣም፤ በየሳምንቱ ሐሙስ የቀድሞ ታካሚዎች ስብሰባ ላይ ይገኛል።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ አራቱም ከከተማ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ተፋፍገው ተቀመጡ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ዘርፈሽ ድካም ጥሏታል፤ ሌንሳ ደብተሯ ውስጥ ጠፍታለች፤ ደሬሳ ፌኒን ጭኑ ላይ አድርጎ በሐሳብ ነጉዷል። መውረጃቸው መጣ፤ ሊያልፍም ነው።

"ማሶ አዎ!"

በሉጋንዳ "እዚያ ፊት ለፊት አቁም" ማለት ነው፤ ታክሲ የሚወርድ ሁሉ የሚጮኸው። ሐበሾች "አዎ"ውን እየሰሙ ይስቁበታል። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ከሙዚቃው በላይ ግን ተሰማ። ረዳቱ ግድግዳውን ደበደበና "ካሌ ኛቦ!" አላት፤ እሺ እመቤቴ ማለቱ ነው።

ሦስቱም ፌኒን አዩዋት። እሷ ግን አባቷን ነበር የምታየው፣ ቅንድቧን ሰብስባ።

"ልናልፈው ነበር እኮ! አባዬ፣ አታይም እንዴ?"

ያን ቃል እንደተናገረች ትከሻዋ ሲኮማተር ሌንሳ አየች። ልጅቱ የሚመጣውን እየጠበቀች ነበር። ደሬሳ "ልክ ነሽ። አላየሁም። እንኳን ነገርሽኝ" አላት።

ምንም አልተሰበረም፤ ማንም አልጮኸም። የፌኒ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። ታክሲው ቆመ፤ ወረዱ። ዘርፈሽ ፊቷን በነጠላዋ እያበሰች "አቧራው ነው" አለች፤ ዝናብ በጣለ በሰዓቱ። ፌኒ ኮረብታውን እስኪወጡ ድረስ አፏ አላረፈም። ያየችውን ሁሉ ስሙን ጠራች፤ ፍየል፣ ጎማ፣ ጃክፍሩት፣ ፖሊስ። አራት ዓይነት ቋንቋ ደባልቃ፣ የሰባት ወሩን በአንድ መንገድ ልትጨርሰው የተነሳች ትመስላለች።

ትምህርት ቤቱ ኅዳር መጨረሻ ሲዘጋ አንደኛ ክፍሎች በወላጆች ፊት አነበቡ። ሚስ ናሙቢሩ "ካልፈለገች አላስገድዳትም" ብላ ነበር፤ ፌኒ ግን ራሷ እጇን አወጣች። ጥንቸልና ዝሆን የሚባለውን ንባብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ዝሆኑ ሲናገር ድምፅዋን እያወፈረች አነበበችው። ሐምሌ ላይ የሳቁት ወላጆች እዚያው ነበሩ። ደሬሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጀርባውን አቅንቶ ተቀምጧል። ስትጨርስ ዘርፈሽ አላስቻላትም፤ ተነስታ እልልታውን ለቀቀችው። ከኋላ ያሉት የካምፓላ እናቶች በራሳቸው እልልታ ተቀበሏት፤ አዳራሹ ተናወጠ። ፌኒም እጅ ነስታ ሌላ ገጽ ልትጀምር ስትል መምህሯ እየሳቀች አስቀመጠቻት።

የሌንሳ ውጤት የወጣው ጥር ላይ ነው። ደሬሳ ከጋራዡ ግማሽ ቀን አስፈቅዶ ከነቱታው አብሯት ሄደ። ስም ዝርዝሩ የተለጠፈበት ግድግዳ በወላጅ ተጨናንቋል። ሌንሳ በትከሻ መሃል ተሽሎክልካ ገባች። በዚያ ፈተና ነጥብ ሲያንስ ነው የሚሻለው፤ አራት ያመጣ ከሁሉም ይበልጣል፤ እስከ አሥራ ሁለት ያለውም አንደኛ ምድብ ነው። ስሟን ከታች ጀምራ ፈለገች። አጣችው። ወደ ላይ ወጣች። ሌንሳ ደሬሳ፣ ዘጠኝ።

እንደገና አነበበችው። ከዚያ ዞር ብላ በሰዎቹ ራስ መሃል አባቷን ፈለገችና ዘጠኝ ጣቷን አወጣች።

ደሬሳ ሰዉን ገፍቶ መጣና ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣት። አሥራ አራት ሊሞላት ነው፤ እግሯ ደረቱን አልፎ ይንጠለጠላል።

"አባዬ አውርደኝ! ሰው ያያል!"

"ይየና!" አለ ደሬሳ። "ዛሬማ ይየን!"

ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው። ሌንሳ መጀመሪያ በእፍረት ፊቷን ሸፈነች፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን እጇን ከፊቷ አንስታ፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ ከላይ እያየች እስኪያንቃት ድረስ ሳቀች።